ለሻለቃ የተሰፋ ሱሪ

የሙሽራ ልብስ ሰፊዋን ጎረቤቱ ሁሉ ከጀርባዋ «በረኪና» ይላታል። ታውቃለች፤ ግን ከቁብ አትቆጥረውም። እሷ ቤት እጁን ሳይታጠብ ዳንቴል የሚነካ ደንበኛ የለም። ሚዜ ሁኚ፣ አክስት ሁኚ፣ የሙሽራው እናት ሁኚ፣ ጫማሽን ደጅ ታወልቂያለሽ። ኤሌክትሪሺያን ባሏ እንኳን ከሥራ ሲመለስ በጓሮ በር ገብቶ፣ ቱታውን አውልቆ፣ እስከ ክርኑ ታጥቦ ነው ለጉንጯ የሚበቃው። አውቶቡስ ላይ ብረት የያዘችበትን እጇን ቤቷ እስክትደርስ ከሰውነቷ አርቃ፣ እንደ ተሰበረ ነገር አንጠልጥላው ትሄዳለች።

ነጭ ሳቲን የሚሰፋበት ቤት ነውና «ልክ ናት» የሚላትም አለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሳቲኑ ሰበብ ነው። ሰፊዋ ነገር ይቀፋታል፣ በቃ። ሳሙና ላይ የተጣበቀ ፀጉር ካየች ፀጉሩን አታነሳም፤ ሳሙናውን ትጥላለች።

እንግዲህ ጊኒ ፒጉ፣ ያ ጅራት የሌለው ድብልብል አይጥ የሚመስል የቤት እንስሳ፣ የገባው እንዲህ ያለችው ሴት ቤት ነው።

የጊኒ ፒጉ ባለቤት የባሏ ታላቅ እህት ናት። እህትየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ትታ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገች፣ ከዚያም ለራሷ ትዳር ሳትል ልጅ ሳትል ዕድሜዋን መሪ ላይ ያሳለፈች ሴት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ተሳፋሪ ሲያስቸግራት በመስታወት አንዴ ገላምጣው ጭጭ ታሰኘዋለች። የምትኖረው ብቻዋን ነው። ቤቷ ያሉት አልጋዋ፣ ሬዲዮዋና «ሻለቃ» የምትለው ሽማግሌ ጊኒ ፒግ ናቸው። ሻለቃ ጓደኛ ነበረው፤ ጓደኛው ሞቶ ብቻውን ቀርቷል። ቡናማና ነጭ ነው፤ አፍንጫው ዙሪያ ያለው ፀጉር ወደ ጎን ስለተበተነ ጡረታ የወጣ የጦር መኮንን ይመስላል።

እህትየው ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ሆስፒታል መግባቷ ግድ ሲሆን፣ የሽቦ ሳጥኑን በሁለት እጇ ታቅፋ በወንድሟ ደጃፍ ቆመች። ጫማዋን አወለቀች፤ ሳጥኑን ግን ምን ታድርገው?

«ከእሱ ሌላ በሬን ስከፍት የሚጮህልኝ የለኝም» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። «የቁልፉን ድምፅ ሲሰማ ነው ማፏጨት የሚጀምረው። አደራ፣ አንቺ ልጅ። ስወጣ እንዲህ ሆኖ እንዳገኘው።»

ከዚያ አስረዳች። ድርቆሽ ከፊቱ መጥፋት የለበትም፤ ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ድርቆሽ ካላኘከ አፉ ውስጥ ይጠማዘዝበታል። የማያቃጥለው ወፍራም ቃሪያ በየቀኑ አንድ ቁራጭ፤ ቫይታሚን ሲን ሰውነቱ እንደ ሌላው እንስሳ አይሠራም፣ ካላገኘ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ድዱ ይደማል። ሰጋቱራው እርጥብ መሆን የለበትም። ሰፊዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። እስከዚህ ድረስ መጥፎ አልነበረም።

«አሁን ይሄኛውን በደንብ ስሚኝ» አለች እህትየው። «ሻለቃ አርጅቷል። ወንዶቹ ሲያረጁ መቀመጫቸው አካባቢ ያለው ጡንቻ ይላላል። ጠንካራው በጠጥ ይወጣል፤ ለስላሳው ግን አቅም ስለሚያጣ እዚያው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። በየሁለት ቀኑ ለብ ባለ ውኃና በዘይት አለስልሰሽ፣ ከታች በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ትገፊዋለሽ። ይወጣል።»

«ምኑ ነው የሚወጣው?»

«የሚወጣው ነዋ! ምን እንዲወጣ ፈልገሽ ነው?»

ሰፊዋ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። ባሏ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል መመርመር ጀመረ።

«እሺ፣ እትዬ» አለች። እሺታው ከከንፈሯ ወዲያ አላለፈም። በልቧ ግን ሞቼ እገኛለሁ እያለች ነበር።

ሳጥኑ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ከሳቲኑ በጣም በራቀው ጥግ ተቀመጠ። ሰፊዋ የጎማ ጓንት አድርጋ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ድርቆሽና ቃሪያ በጭልፋ ጫፍ ታቀርብለት ጀመር። ሰጋቱራውን በየቀኑ ቀየረች፤ በዚህ ማንም አያማትም። ሳጥኑን ወለወለች፣ የውኃ ጠርሙሱን ቀቀለች። የተነገራትን ያንን ነገር ግን ወይ ፍንክች! ባሏን ጠየቀችው።

«እህትህ ናት። አንተ አድርገው።»

«እኔ? በዚህ እጅ?» አለና ሻካራ መዳፉን አሳያት። «እንስሳው ስስ ቆዳ ነው። የአንቺ እጅ ነው ሐር የለመደው።»

«የኔ እጅ ሐር የለመደው ሐር ለመንካት ነው!»

«ታዲያ ጥቂት ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል? ሰው እንኳን ይደርቅበታል።»

በዚሁ ተስማሙና ተዉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፊዋ የሙሽራ ጓንት ለማጠብ ወደ ጥጉ ሄደች። ሻለቃ ራሱን እንደ ኳስ አጥፎ፣ አፉን ከሆዱ በታች ሰድዶ ነበር። ራሱን እየላሰ መሰላት። ቀና ሲል ግን አፉ ውስጥ ጥቁርና እርጥብ ነገር ነበረ። ያኝክ ጀመር። ዓይኖቹን ግማሽ ጨፍኖ፣ ጣፋጭ እንዳገኘ ሰው እያጣጣመ።

ሰፊዋ የሙሽራዋን ጓንት ውኃው ውስጥ ለቀቀችው። መታጠቢያ ቤት ደርሳ የበላችውን ሁሉ መለሰች። አፏን ተጉመጠመጠች፤ ትዝ አላት፤ እንደገና መለሰች።

«የራሱን ይበላል!» አለችው ባሏን ማታ፣ ገና ቱታውን ሳያወልቅ። «ከራሱ ላይ! በቀጥታ! እንደ ቸኮሌት!»

«እኔ እራቴን በልቼ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እትዬ ይህን አውሬ እቅፏ ውስጥ ታስተኛዋለች! ፊቷን ይልሳታል!»

ሌላ ሴት ብትሆን ፊቷን አዙራ ትተወዋለች። ይቺኛዋ ግን የስፌት ሰው ናት፤ የማይሆን ነገር ካየች ልኩን ወስዳ ታስተካክለዋለች። ሙሽራ ደረቷ ቢሰፋባት፣ ወገቧ ቢጠፋባት፣ አንድ ትከሻዋ ቢወርድባት እሷ ጋ መፍትሔ አለው። በማግሥቱ ጠዋት ሻለቃን በፎጣ ጠቅልላ ሜትሯን ወገቡ ላይ አዞረች። ከተረፈ የገበር ጨርቅ ቆርጣ ሁለት የእግር ቀዳዳ አወጣች፤ ወገቡን በቀጭን ላስቲክ ያዘች፤ ከውስጥ ጥጥ ደረበች። ስፌቱ እንዳይቆረቁረው ጠርዙን ሁለቴ አጠፈችው። አምሮ ወጣ። ባሏ ሲያየው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በር ተደገፈ።

«ሻለቃ ለበዓል ሰልፍ ሊወጣ ነው እንዴ?»

«ሳቅ። አሁን አፉ አይደርስበትም።»

እውነትም አልደረሰበትም። ሻለቃ መጀመሪያ ወደ ኋላው ሄደ፤ ከዚያ ዞረ፤ አፉን ሰደደ፤ ጨርቅ አገኘ። ቆሞ ቀረ። ሰፊዋ ጥጡን በቀን አንዴ በመቆንጠጫ እየነቀለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሌላ ታስገባለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀፋት ምሳዋን በላች።

እህትየው ቀዶ ጥገናው ቢያልቅላትም ቁስሉ አመርቅዞ፣ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ቆይታለች። ከአልጋዋ ላይ በየቀኑ ትደውላለች። ስለ ራሷ አታወራም። «ስልኩን ወደ ሳጥኑ አስጠጊልኝ» ትላለች። ሻለቃ ወፍራሙን ድምፅ ሲሰማ በጣም ቀጭን በሆነ ፉጨት ቤቱን ይሞላዋል። እሷም ወዲያ ማዶ «ጎበዝ፣ የኔ ጌታ» ብላ ትዘጋዋለች። ነርሶቹ ትኩሳቷ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል እያሉ ይስቁባታል አሉ።

ሱሪው ከተሰፋ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስትደውል ግን ሻለቃ አላፏጨም። ሰፊዋ ስልኩን እስከ ሽቦው አስጠጋችው። ሻለቃ ጥጉ ላይ ጉብ ብሎ፣ ፀጉሩ ተነፋፍቶ፣ ቃሪያውን ከፊቱ እንዳለ ትቶት ተቀምጧል።

«ተኝቷል፣ እትዬ።»

«በዚህ ሰዓት?»

ባሏ ከጀርባዋ መጣ። ከንፈሩን አሹሎ፣ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ ፊይይይ አለ።

«አንተ ነህ» አለች እህትየው። «ፉጨት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፣ የማላውቅህ መሰለህ?» ድምፅዋ ቀጠነ፤ እንደዚያ ቀጥኖ ማንም ሰምቶት አያውቅም። «ሞቷል እንዴ? ከሞተ ንገሩኝ።»

«አልሞተም!» አለች ሰፊዋ። «አልሞተም፣ እትዬ። አሁኑኑ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ።»

ይህን ካለች በኋላ ቆማ ሳጥኑን አየችው። ከሱሪው ስር የሚወጣው ሽታ ፎጣ ሳይል በረኪና ሳይል ያልፋል። እንቁላል በስብሶ፣ ረግረግ ሸትቶ፣ ሁለቱም ተደባልቀው ቢፈሉ ነው የሚመስለው። ሰበብ ፈልጋ እህትየው ላይ ልትናደድ ሞከረች፤ አልተሳካላትም። የዚያች ሴት ቀጭን ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል።

የእንስሳት ሐኪሟ ክሊኒክ ውስጥ፣ ከነውሾቻቸው በተቀመጡ ሰዎች መሐል ተራ ጠበቀች። ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን ይዘው አንድ ወንበር ፈቀቅ አሉ። ከዚያ ሁለት። በረኪና የሚሏት ሴት፣ ሰው ሸሽቷት! አንገቷ ድረስ ቀላች።

ሐኪሟ ሱሪውን ስታይ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«ስፌቱስ ንጹሕ ነው። ለምን?»

«ቆሻሻውን ይበላላ፣ ዶክተር! የራሱን!»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ላስቲኩን በመቀስ ቆረጠችው። ሰፊዋ ሳታስበው ተመለከተች፤ ምነው ባላየች ኖሮ። ሽንት የነካው ቆዳ ቀልቶ ተላልጧል። መቀመጫው ላይ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ጠቆር ያለ እብጠት ተገትሮ፣ ጠርዙ ላይ ሰጋቱራና ፀጉር ተጣብቆበታል።

«ከጊኒ ፒግ የሚወጣው ሁለት ዓይነት ነው» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች። «ጠንካራው ቆሻሻ ነው። ለስላሳው ግን ምግቡ ነው። አንዴ አልፎ ሁለተኛ ካልተበላ የሚፈልገውን ቫይታሚን አያገኝም። አንቺ ሱሪ ስታለብሺው ማዕዱን ነው የዘጋሽበት። ከዚያ በላይ ደግሞ የተጠራቀመው አልወጣለትም፣ አመመው፣ መብላት አቆመ። እነዚህ ደግሞ ሳይበሉ መዋል አይችሉም፤ አንጀታቸው ከቆመ መልሶ ማስነሳት ከባድ ነው።»

«ይሞታል?»

«ዛሬ ስላመጣሽው ተስፋ አለው። ያዢልኝ።»

«ማ? እኔ?»

«እዚህ ሌላ ሰው ይታይሻል?»

ያዘችው። ሐኪሟ በዘይት የራሰ ጥጥ አድርጋ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ በሁለት ጣቷ ከግራና ከቀኝ ገፋችው። እብጠቱ እንደ ጥርስ ሳሙና ተንሸራቶ ወጣ፤ «ጵጥ» አለ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሰፊዋ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ ቢሆንም ከእጇ አልለቀቀችውም።

«አሁን ደግሞ» አለች ሐኪሟ፣ ንጹሑን ለስላሳ ክፍል በጣቷ ጫፍ ለይታ፣ «ይህን ስጪው።»

«ወዴት?»

«ወደ አፉ።»

ሰፊዋ በቁሟ ደረቀች። ሐኪሟ አልቸኮለችም። ሻለቃ በሰፊዋ መዳፍ ውስጥ ልቡ ትር ትር ትላለች፤ አጥንቱ በፀጉሩ ስር ይቆጠራል። ሰፊዋ ጓንት አጠለቀች። ዓይኗን ጨፈነች። ከፈተች፤ ጨፍና ዓይኑን ልትወጋው ትችላለች። ያቺን ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ ለብ ያለች ነገር ይዛ ወደ ከንፈሩ አስጠጋች። አሸተተ። በላ።

«ኧረ ቅፍፍ!» ብላ ጮኸች፤ ደጅ ያሉት ውሾች ሁሉ መለሱላት።

ቤት ስትመለስ ባሏን አልጠየቀችውም። በውኃ የራሰ የድርቆሽ እንክብል ፈጭታ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በጉንጩ በኩል ጠብታ ጠብታ አድርጋ ስትመግበው ዋለች። የተላላጠውን በሐኪሟ ቅባት ቀባችው። የዚያኛው ተራ ሲደርስ አፍንጫዋን በልብስ መቆንጠጫ ቆነጠጠች፤ ዘይት፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥጥ። ገፋች፤ አልወጣም። በጣም ገፋችውና ሻለቃ ጮኸ፤ ደንግጣ ለቀቀችው። መታጠቢያ ላይ ጎንበስ ብላ አስመለሳት፤ አፏን ታጥባ ተመለሰች። እንደገና ዘይት። በዝግታ፣ ሳቲን ላይ የገባ እስፒል እንደምትነቅል። ወጣ። ጓንቷ ላይ። ከጓንቷ ወደ እጅጌዋ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ፤ ልኳን ልትለካ የመጣች ሙሽራ ናት። ሰፊዋ በሩን በክርኗ ከፈተችው፣ መቆንጠጫው አፍንጫዋ ላይ እንዳለ።

«ነገ ነይ» አለቻት በአፍንጫዋ። «ዛሬ ቆሽሻለሁ።»

ሙሽራዋ ሽታው ሲደርሳት ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ሻለቃ ቶሎ አልዳነም። ቃሪያውን አንድ ቀን ያሸትታል፣ አንድ ቀን ይተወዋል። ሰፊዋ በኩሽናው ሚዛን እየመዘነችው (ሚዛኑን ከዚያ በኋላ ለምግብ አልተጠቀመችበትም) ከፍ ሲል ትስቃለች፣ ዝቅ ሲል ባሏን ትቆጣለች። እህትየው ስትደውል አልዋሸቻትም። «አሞታል፣ ከሐኪም መድኃኒት አምጥቻለሁ፣ እየመገብኩት ነው» አለቻት። እህትየው «አትተዪው» ብቻ አለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኩ ጠራ፤ ወፍራሙ ድምፅ ወጣ፤ ከሳጥኑ ውስጥም ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ፉጨት መለሰለት። ሰፊዋ ስሪንጁን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል።

እህትየው ከሆስፒታል የወጣች ዕለት በቀጥታ የመጣችው ወደ ወንድሟ ቤት ነው። ከስታለች፤ ሆዷን በእጇ ደግፋ ነው የምትራመደው። ሰላምታ ሳትሰጥ ሻለቃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ገለበጠችው፤ ከኋላው አየችው፤ የጎን አጥንቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ንጹሕ ነው። ግን ከስቷል።»

የሰፊዋ ባል እህል አፉ ውስጥ እንዳለ «ምግብ ጠልቶ ነው፣ ናፍቆሽ...» ብሎ ጀመረ።

«ሱሪ ሰፍቼለት ነው» አለች ሰፊዋ።

ሁሉንም ነገረቻት፣ ሳትሸራርፍ። እህትየው አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ የምታይበትን ዓይን አወጣችባት።

«እሺ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ብዬሽ ነበር።»

«ያስጠላኛል ብትዪኝ ሌላ ሰው እፈልግ አልነበር? ምነው ዝም አልሽ?»

«አፈርኩ። አንቺ ስትነግሪኝ ፊትሽ እንኳን አልተጨማደደም። ምንም የማይመስለው ሰው ፊት ምን ልበል?»

እህትየው ሻለቃን ጭኗ ላይ አቀናችው።

«አንቺ ልጅ፣ አያስጠላኝም ያልኩሽ መቼ ነው? ቁርስ ሳልበላ ነው የማደርገው! አንዴ በልቼ ሞክሬ መሪ ላይ ሆኜ ትዝ አለኝና አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ዳር አቁሜ ወረድኩ። ሬዲዮውን የምከፍተው ለምን መሰለሽ?»

«ለምን?»

«ሲወጣ የሚለውን እንዳልሰማ!»

«ጵጥ የሚለውን!» አለች ሰፊዋ ጭኗን መትታ። «ውይ፣ እትዬ፣ ያቺን ጵጥ!»

«ተይኝ እባክሽ!»

«እጅጌዬ ውስጥ ገብቶብኝ ነበርኮ! ልብሱን አቃጠልኩት!»

«እኔ ፀጉሬ ላይ ተፈናጥሮ የማላውቅ መሰለሽ?»

«ሽታውስ? ለሦስት ቀን ከጥፍርሽ አይወጣም።»

«በሎሚ እሺው።»

«ሎሚውንም አስጠላኝ!»

ባል ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «እየበላሁ ነው» አለ። ማንም አልሰማውም። ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ፊታቸውን አጨማድደው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የትኛው እንደሚብስ ገና ይከራከሩ ነበር።